ሃይሉክስ ስር ያለው ቀለበት ለጉተታ ይሆናል? ጭቃ ሲይዛችሁ የት ላይ ነው የምታስሩት?

የጅሩ_ስንዴ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ያለሁት እነዋሪ ነው። በቅርቡ ያገለገለ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ገዝቻለሁ። አዲስ አበባ ሲነዳ የኖረ መኪና ነው፣ ጭቃ የሚባል ነገር አያውቅም። አሁን ክረምቱ ገብቷል። አገራችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ካላችሁ ወደ ጅሁር በሉት ወደ ሌላው ገጠር፣ ጥቁር አፈር ነው። ዝናብ ከነካው ጎማ ላይ እየተለጠፈ ይከብዳል፣ ከዚያ በኋላ በአራቱም ጎማ ብትነዱ መኪናው ወደፈለገበት ነው የሚሄደው።

መያዙ አይቀርም፣ ሥራዬ እዚያው ነው። ጥያቄዬ ሲያዝስ የሚለው ነው። ከፊት ከፓራውልቱ ስር ግራና ቀኝ ሞላላ ቀዳዳ ያለው ቀጠን ያለ ብረት አለ። ከኋላ ደግሞ የተጎታች ኳስ አለው። ጓደኛዬ «ከፊት ቀለበቱ ላይ፣ ከኋላ ኳሱ ላይ እሰርና አስጎትት፣ ምን ችግር አለው» ይላል። አንድ ጋራዥ ጎራ ብዬ ስጠይቅ ደግሞ «ቀለበቱን እንዳትነካ» አሉኝ። ለምን ስል መልስ የለም። ማን ነው ልክ?

የመንዝ_ነፋስ

ጋራዦቹ ልክ ናቸው። እኔ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው የምሠራው፣ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ነው የምነዳው።

የገለጽከው ነገር መኪናው መርከብ ላይ ሲጫን እንዳይንቀሳቀስ የሚታሰርበት ነው። ሎቤድ ላይ ሲጫንም እዚያው ላይ ይታሰራል። ሥራው መኪናውን ወደ ታች ይዞ ማቆየት ብቻ ነው። ጭቃ የያዘ ሁለት ቶን ምናምን መኪና በሱ ነቅለህ ለማውጣት ከሞከርክ ወይ ተቀዶ ይወጣል ወይ ሻንሲህን ያጣምምልሃል። ተቀዶ ከወጣ ደግሞ ወደ ጎታቹ መኪና ነው የሚበረው።

ከስር ተኝተህ እይ። እውነተኛው መጎተቻ፣ ጋንቾ የምንለው፣ ወፍራም ነው፣ ጠርዙ ገመድ እንዳይቆርጥ የተሞረደ ወይም ክብ ነው፣ ሻንሲው ላይ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቡሎን ገብቷል። ማሰሪያው ቀለበት ግን ብዙ ጊዜ ከላሜራ የተሠራ ነው፣ በአንድ ቡሎን ወይም በትንሽ ብየዳ ተይዟል፣ አፉም ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ነው የሚያየው። ማኑዋሉ ካለህ የሚጎተትበትንና የሚታሰርበትን ለይቶ በሥዕል ያሳያል። በጃፓንኛ የተጻፈ ቢሆን እንኳ ሥዕሉን ለማየት ጃፓንኛ አያስፈልግም።

የጅሩ_ስንዴ

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ኳሱስ? ላዩ ላይ 3500 ኪሎ የሚል አለበት። መኪናዬ ከነጭነቱ እዚያ አይደርስም። ታዲያ ምን ችግር አለው?

ቡሎን_12

ኳሱ ላይ በፍጹም። በፍጹም። እዚህ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙ።

3500 የሚለው ጎማ ያለው ተጎታች አስፋልት ላይ ሲከተልህ ነው። የሚንከባለል ነገር ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል ከክብደቱ ትንሿ ክፍል ናት። ጭቃ ውስጥ የሰመጠ መኪና አይንከባለልም። በወታደሮች የመኪና ማውጣት ትምህርት ውስጥ አንድ ግምት አለ፦ ጭቃው ጎማውን ከያዘው መኪናው የሚመዝነውን ያህል ኃይል ትጨምራለህ፣ እስከ ፓራፋንጎው ከሰመጠ ሁለት እጥፍ፣ እስከ ጋቢናው ከሰመጠ ሦስት እጥፍ። ስለዚህ 2.5 ቶን መኪና ሆዱ ጭቃ ላይ ከተኛ የምታወራው ስለ 5 ቶንና ከዚያ በላይ ነው። እሱም ቀስ ብለህ ስትጎትት። በሚለጠጥ ገመድ እየተንደረደርክ ከሆነ ሌላ ሒሳብ ነው።

የኳሱ አንገት ደግሞ ቀጭን ነው። ሲበጠስ ገመዱ ወንጭፍ ይሆናል፣ ኳሱ ድንጋዩ። ልዩነቱ ይሄኛው ድንጋይ የኋላ መስታወት ሰብሮ ሾፌሩ ጭንቅላት ላይ ይደርሳል። አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ሰው ሞቷል፣ ከአንዴም በላይ። እዚያ አገር የሚለጠጥ ገመድ ያለ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ መሸጥ በሕግ ክልክል የሆነውም በእንዲህ ያለ አደጋ የተነሳ ነው።

የኤንትሬ_ሾፌር

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ በኤንትሬ (በድሮው የፊያት ጭነት መኪና) ዘመን ጣርማበርን የወጣሁ የወረድኩ ሰው ነኝ። ዋሻው ውስጥ ጉም ገብቶ የፊት መብራት ከቸርኬህ አልፎ በማይታይበት ጊዜ። ያኔ ኳስ ምናምን የለም። ካቦ ነው ያለን። ካቦውን ያገኘኸው ብረት ላይ ጠምጥመህ፣ ቀስ አድርገህ፣ በአንደኛ ማርሽ። ይወጣ ነበር። አሁን ሁሉ ነገር በኪሎ ሆነ። የዛሬ ሾፌር መኪናው ከመያዙ በፊት ራሱ ይያዛል።

ቡሎን_12

ጋሼ፣ ያሉት ትልቁ ነገር ልክ ነው። «ቀስ አድርገህ» ያሉት። ካቦ አይለጠጥም፣ ስለዚህ አስቀድሞ ተወጥሮ ከዚያ ቀስ ተብሎ ነው የሚጎተትበት። ዛሬ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? የማይለጠጥ ካቦ ላላ አድርጎ ያስርና ተንደርድሮ ይመታዋል። ድንገተኛው ምት በሙሉ የሚያርፈው ቡሎኑ ላይ ነው።

ፍጥነት ደግሞ አታላይ ነው። ጎታቹ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲንደረደርና በ20 ሲንደረደር የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት ልዩነቱ እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። በ30 ከሆነ ዘጠኝ እጥፍ። ሰው «አልወጣም፣ ትንሽ ጨምርለት» ሲል ምን እየጨመረ እንደሆነ አያውቀውም።

የኤንትሬ_ሾፌር

ይሄን ተቀብያለሁ። በዚያው ላንሳውና፣ ትልቅ መኪና ትንሹን ሲጎትት ተጠንቀቁ። አንድ ድንጋይ የጫነ ገልባጭ ጉዶ በረት ላይ ከመንገድ የወጣች ፒካፕ ሲጎትት ቆሜ አይቻለሁ። የገልባጩ ሾፌር ከኋላው የሆነውን አልሰማም። እንዴት ይሰማዋል? ለሱ መኪና ምኗም አይደለችም። ፓራውልቱ ከነመብራቱ፣ ከነታርጋው ተገንጥሎ ተከተለው፣ ፒካፗ ግን ባለችበት ናት። ሰው ሁሉ ሲጮህ ነው የቆመ። እና ትልቅ መኪና ስታገኙ ደስ አይበላችሁ።

የራቭፎር_ባለቤት

😂😂 ከነታርጋው! ለትራፊክ ምን ብሎ ያስረዳል?

በያጁ_ደብረ_ብርሃን

እኔ ብየዳ ቤት አለኝ፣ ስለዚህ የሌላውን ወገን ልንገራችሁ። ክረምት ሲመጣ ሰው ፌሮ ቆርጦ ይዞ ይመጣል። «አጥፈህ ጋንቾ አድርገህ ፓራውልቱ ላይ በይድልኝ» ይላል። እምቢ ስል ደግሞ ሥራ የጠላሁ ይመስለዋል፣ ጎረቤት ሄዶ ያስበይዳል።

ፌሮ ለግንባታ ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ተቀብሮ እንዲውል እንጂ ቀዝቅዞ ታጥፎ፣ ጫፉ ተበይዶ፣ ድንገት እንዲሳብ አይደለም። ፓራውልት ራሱ ላሜራ ነው፣ የጋንቾው ብየዳ ቢይዝ እንኳ የፓራውልቱ ላሜራ ይቀደዳል። ሌላም አለ። ከፋብሪካ የመጣውን ወፍራም ጋንቾ «ላጠንክረው» ብላችሁ ዙሪያውን አታስበይዱ። እንደዚያ ያለ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በሙቀት ተሠርቶ ነው። ብየዳ ዳር ዳሩን እንደገና ያሞቀዋል፣ ከብየዳው አጠገብ ይሰነጠቃል። ከውጭ ስታየው አምሮበታል።

የሚሻለው ለመኪናው ሞዴል የተሠራ፣ የሚችለው ክብደት ላዩ ላይ የተመታበት፣ ሻንሲው ላይ ባለው ቀዳዳ በቡሎን የሚገባ ጋንቾ ነው። በጥንድ ነው የሚገዛው፣ ግራና ቀኝ። ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ያገለገለም ታገኛላችሁ፣ ግን ያገለገለ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ቀለም በቅርብ የተቀባ ከሆነ እኔ አልገዛውም።

ቡሎኑንም እዩ። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይኑር። ቁጥር የሌለው ቡሎን የበር ማጠፊያ ላይ ይግባ።

የጅሩ_ስንዴ

በያጁ፣ 8.8ና 10.9 ልዩነቱ ብዙ ነው?

ቡሎን_12

ስሜ ላይ ስለተጻፈ እኔ ልመልስ። የመጀመሪያው ቁጥር የጥንካሬው ነው። 8 ማለት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ወደ 800 ኒውተን፣ 10 ማለት ወደ 1000። ባለ 12 ሚሊሜትር 10.9 ቡሎን ቀጥ ብሎ ሲሳብ ስምንት ቶን ገደማ ላይ ይበጠሳል። ጋንቾው ላይ ግን ቡሎኑ የሚቆረጠው በጎን ነው፣ በጎን ደግሞ ከዚያ አነስ ይላል፣ ስድሳ በመቶውን ያህል ያዝ። ለዚህ ነው አንድ ቡሎን የማይበቃው። ለዚህም ነው «አንዱ ወልቆ ነበር ግን አንዱ ጥብቅ ነው» የሚል ሰው የሚያስፈራኝ።

የመንዝ_ነፋስ

ቁጥሩን ለናንተ ትቼ ከመኪናው ውጭ ስላለው ልጻፍ፣ ምክንያቱም የኛ አገር ችግር እዚያ ነው ያለው።

ፈረንጆቹ ሲያስተምሩ «ሰው ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ርቆ ይቁም» ይላሉ። ገመዱ 9 ሜትር ከሆነ 13 ሜትር ተኩል ማለት ነው። ጥሩ ምክር ነው። በረሃ ላይ ሁለት መኪና ብቻውን ሲሆን ቀላል ነው። መንዝ ውስጥ መኪና ተያዘ ማለት ግን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ ማለት ነው። እረኛው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው፣ ከገበያ የሚመለሰው። ሊረዳ ነው የመጣው፣ አይፈረድበትም። ልጆቹ ግን ገመዱን ይሻገራሉ፣ ይዘሉታል።

ነሐሴ ላይ ጓሳን አልፈን ወደ ይገም በሚወስደው ሳይሆን ዋናው መንገድ ዳር ነው፣ አንድ የሌላ መሥሪያ ቤት መኪና ለማውጣት ገመድ ዘረጋን። ዘወር ስል አንድ ልጅ ገመዱ ላይ በፈረስ እንደሚቀመጥ ሰው ተቀምጧል። ሳስነሳው ሌላው ይቀመጣል። እኔ ጮህኩ፣ የሰማኝ የለም። ባና የለበሱ አንድ አዛውንት ከዳር ሲያዩን ቆይተው መጡና ምንም ሳይናገሩ በበትራቸው ጫፍ እርጥቡ ሣር ላይ ረጅም መስመር አሰመሩ። ከዚያ ዞረው ልጆቹን አዩ። በቃ። መኪናው እስኪወጣ ድረስ ያቺን መስመር የረገጠ ልጅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት መጀመሪያ የምፈልገው ጋንቾ አይደለም፣ ሽማግሌ ነው። «አባባ፣ ልጆቹን ያዙልኝ፣ ይሄ ገመድ ከተበጠሰ ሰው ይገድላል» ብለህ ለአንድ ትልቅ ሰው ኃላፊነቱን ስጥ። ካንተ ጩኸት የሳቸው ዝምታ ይሠራል።

የራቭፎር_ባለቤት

ስለ ባና ካነሳህ፣ ገመዱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል ማድረግ ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው?

የመንዝ_ነፋስ

ይጠቅማል፣ በተለይ ካቦ ወይም ዊንች ከሆነ። የረጠበ የመንዝ ባና ከሆነማ ከባድ ነው፣ ከሚሸጠው ማርገቢያ አይተናነስም። ካቦው ሲበጠስ ክብደቱ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ገመዱ መሐል ላይ ነው የሚደረገው፣ ረጅም ከሆነ ሁለት ቦታ። ጆንያ ውስጥ አፈር ሞልቶ ማንጠልጠልም ይሆናል። ግን ባና አለ ብለህ ሰው አታስጠጋ። የሚቀንሰው ጉዳቱን ነው፣ አደጋውን አያስቀረውም። ባለ ባናውንም አስቀድመህ አስፈቅድ፣ ሲመለስ ባና መሆኑ ያጠራጥራል።

የኤንትሬ_ሾፌር

የሚገፉትንም ጨምርበት። ከፊት በገመድ እየተጎተተ ከኋላ ሃያ ሰው ይገፋል። ገመዱ ሲላላና ሲወጠር መኪናው ወደ ኋላ ይመለሳል እኮ። ወይ ይገፋ ወይ ይጎተት፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆንም።

ቡሎን_12

👆 ይሄ ወርቅ ነው ጋሼ።

ሠላድንጋይ_ልጅ

ሁላችሁም ስለ ገመድ ታወራላችሁ፣ ስለ አካፋ ያወራ የለም። እኔ አካፋ ካለኝ ከሦስት አንዴ ነው ገመድ የምፈልገው ብል አላጋነንኩም።

ጥቁር አፈር የሚይዘው በመምጠጥ ነው። ጎማው ስር ብቻ አይደለም፣ ሆዱ ስር፣ አክስሉ ስር ጭቃው ተጣብቆ አየር አያስገባም። ሳትቆፍር ብትጎትት መኪናውን ብቻ ሳይሆን መሬቱንም አብረህ ነው የምትጎትተው። ስለዚህ መጀመሪያ ከጎማዎቹ አቅጣጫ ፊት ያለውን ግድግዳ ቁረጥ፣ ከዚያ ሆዱ ስር በዱላም በዶማም አየር አስገባ። ድንጋይ ካለ ድንጋይ፣ ካልሆነ ቅጠል፣ ጭድ፣ ያገኘኸውን ጎማው ስር ጎዝጉዝ። ቡሎን እላይ ያለውን የሁለት እጥፍ፣ የሦስት እጥፍ ሒሳብ አካፋ ነው የሚያወርደው።

የጎማውን ንፋስ መቀነስም አለ። 18 ወይም 20 ፒኤስአይ ድረስ ማውረድ አሸዋ ላይ ተአምር ይሠራል። እኛ ጭቃ ላይ ተአምር አልልም፣ ይረዳል። መልሰህ የምትሞላበት ፓምፕ ከሌለህ ግን ጎሚስታ እስክታገኝ ቸርኬህን ትበላለህ።

ሌላ። መኪና ብዙ ጊዜ የሚወጣው በገባበት ነው። መንገዱን ራሱ ከፍቶት ገብቷል፣ ከፊቱ ያለው ግን ያልተነካ ጭቃ ነው። ስለዚህ ከፊቱ ይልቅ የኋላው ማሰሪያ ነው የሚያሳስበኝ። ሰው ሁሉ ፊት ላይ ቀይ የሚያብረቀርቅ ጋንቾ ያስገጥማል፣ ኋላው ኳስ ብቻ ነው።

የጅሩ_ስንዴ

ልክ እንደኔ መኪና። ታዲያ ከኋላ ኳስ ብቻ ያለው ሰው ምን ያድርግ?

ቡሎን_12

ኳሱ የተቀመጠበትን እየው። አራት ማዕዘን ቱቦ ውስጥ የሚገባና በፒን የሚያዝ ከሆነ ጥሩ ነው። ፒኑን ነቅለህ ኳሱን ከነእጀታው አውጣ። በምትኩ ለዚያ ቱቦ የተሠራ ወፍራም ብረት አለ፣ ጫፉ ላይ ሻክል (በፒን የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) የሚገባበት። እሱን አስገብተህ በዚያው ፒን ያዘው። መሐል ላይ ስለሆነ ጉተታውም ቀጥ ይላል። ቱቦው ራሱ ሻንሲው ላይ በደንብ መያዙን ግን አይተህ ነው። እዚሁ አገር ላሜራ አጥፎ የተበየደ ቱቦ ከሆነ ከኳሱም አይሻልም።

ብረቱ የለኝም ብለህ የገመዱን ጆሮ ቱቦው ውስጥ ከትተህ ፒኑን በመሐሉ አታሳልፍ። ሰው ያደርገዋል አውቃለሁ። ፒኑ ይጎብጣል፣ ከዚያ በመዶሻም አይወጣም።

ኳሱ በፒን ሳይሆን ፓራውልቱ ላይ በቡሎን የታሰረ ከሆነ እሱን እርሳው። ከስር የፋብሪካው ጋንቾ ካለ ፈልግ።

ሻክል ስትገዛ ሆዱ ሰፋ ያለው፣ ላዩ ላይ 3.25 ወይም 4.75 ቶን የሚል የተመታበት ይሁን። ለሃይሉክስ መጠን መኪና 4.75ቱ ይመረጣል። ቁጥር የሌለውን ለበግ ማሰሪያ አድርገው። ፒኑን በእጅ እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ሩብ ዙር ያህል መልሰው፣ አለዚያ ከተጎተተ በኋላ አይፈታም።

የመንዝ_ነፋስ

ሁለት ገመድ ለማስረዘም መሐል ላይ ሻክል የሚያስገቡም አሉ። አታድርጉት። አንዱ ከተበጠሰ ያ ብረት አየር ላይ ነው ያለው። የአንዱን ጆሮ በሌላው ጆሮ አሳልፋችሁ ራሱን በራሱ አያይዙት፣ መሐሉ ላይ እንጨት ወይም የተጠቀለለ ጋዜጣ ካስገባችሁ፣ ስትጨርሱ በቀላሉ ይፈታላችኋል።

የጅሩ_ስንዴ

ዛሬ ጠዋት መኪናዬ ስር ተኝቼ ነበር። በሽቦ ብሩሽ የደረቀውን ጭቃና ግሪስ ሳነሳ የሚገርም ነገር። ከሞላላው ቀለበት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሾፌሩ በኩል ሌላ ብረት አለ፣ ወፍራም፣ እንደ ጣት የወፈረ፣ ሻንሲው ላይ የተጣበቀ። ለሁለት ቡሎን የተሠራ ነው። አንዱ ቡሎን አለ፣ ቁልፍ 17 ነው የሚይዘው። የሌላው ቀዳዳ ግን ባዶ ነው፣ ግሪስና አፈር ሞልቶታል። በጣቴ ሳጸዳው ውስጡ ያለው ጥርስ ደህና ነው። በሌላኛው በኩል ጋንቾ የለም፣ ቀዳዳዎቹ ግን አሉ።

በያጁ_ደብረ_ብርሃን

ጥሩ ዜና ነው። ያ የፋብሪካው ነው። ቀዳዳዎቹ በሌላውም በኩል ካሉ ጥንዱን ማስገባት ትችላለህ። አሁን ያለውን ቡሎንም አውጥተህ እየው፣ ለብቻው ሲሠራ ከቆየ ተስቦ ሊሆን ይችላል። አንገቱ ላይ ቀጠን ያለ ቦታ ካየህ ጣለው። ሁለቱንም አዲስ አድርግ፣ ርዝመቱና ጥርሱ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። በእጅ ሳይገባ በቁልፍ አታስገድደው፣ ሻንሲው ውስጥ ያለውን ዳዶ ካበላሸህ ሥራህ ብዙ ነው።

ቡሎን_12

ጥንድ ስታስገባ ደግሞ በሁለቱም ላይ በሚያያዝ አጭር ማሰሪያ ጎትት፣ ጫናው ለሁለት እንዲከፈል። ግን ማሰሪያው በጣም አጭር ከሆነ ክንዶቹ ይከፈቱና ጥቅሙ ይጠፋል። በሁለቱ ክንዶች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ከሆነ እያንዳንዱ ጋንቾ የጫናውን 58 በመቶ ይይዛል። 120 ከሆነ እያንዳንዱ ሙሉውን ይይዛል፣ ማለትም ጥንድ አድርገህ ምንም አላተረፍክም። በዚያ ላይ ሻንሲውን ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል። ረጅም አድርገው፣ የማይለጠጥ ይሁን።

የሚለጠጠውን ገመድ ስትገዛ ደግሞ የሚበጠስበትን ክብደት እይ። ከሁለቱ መኪናዎች ቀላሉ ከነጭነቱ የሚመዝነውን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይሁን። ለሃይሉክስ 8 ቶን የሚለው ይሆናል። በጣም ወፍራም ከሆነ አይለጠጥልህም፣ ካቦ ገዛህ ማለት ነው።

የራቭፎር_ባለቤት

እሺ እኔንም መልሱልኝ። ደብረ ብርሃን ነኝ፣ አንዳንዴ በሥራ አንኮበርን አልፌ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል እወርዳለሁ። ራቭፎሬ ጋንቾ የለውም። ከክሪኩ ጋር የተቀመጠ የሚሽከረከር ቀለበት ነው ያለው፣ ፓራውልቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ከፍቼ የማጠብቀው።

የመንዝ_ነፋስ

እህቴ፣ እሱ ሞተር ሲጠፋ ደህና መንገድ ላይ ቀስ ብለሽ ለመጎተት ነው፣ ወይም ሎቤድ ላይ ለመሳብ። ጭቃ ከያዘሽ በሱ ተንደርድረው እንዳይጎትቱሽ። በጎን ሲሳብ ደግሞ ጥርሱ ላይ ይታጠፋል። ራቭፎር እንደ ፒካፕ የተለየ ሻንሲ የለውም፣ አካሉ ራሱ ነው ሻንሲው። ስለዚህ ላንቺ አካፋ፣ ጣውላና ትዕግሥት ነው። ግድ ከሆነ ከተቆፈረ በኋላ፣ ገመዱ ተወጥሮ፣ ቀጥ ብሎ፣ በቀስታ። የሚረዳሽ ሰው «ትንሽ ልመታው» ካለ ቁልፉን ይዘሽ ውረጂ።

ቁልቁለቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ጎማው ስር ድንጋይ ሳታደርጊ ምንም ነገር አትፍቺ።

የራቭፎር_ባለቤት

ቁልፉን ይዤ እወርዳለሁ 😂 ተባረክ።

የኤንትሬ_ሾፌር

ሾፌሮቹም ይስማሙ። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሁሉም «ና! ና! ቁም!» ሲል የማንን ትሰማለህ? ጋቢና ውስጥ ሾፌሩ ብቻ፣ ቀበቶ ታስሮ። ክላክስ አንዴ ማለት ቁም ማለት ነው ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ሁለት ሦስቴ ተሞክሮ ካልወጣ ውረዱና እንደገና ቆፍሩ።

ሠላድንጋይ_ልጅ

ጋሼ አካፋዬን አስታወሱልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የጅሩ_ስንዴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቡሎኑንና የቀኙን ጋንቾ አዝዣለሁ፣ የኋላው ቱቦ በፒን የሚያዝ ሆኖ አገኘሁት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የሚለጠጠውን ገመድ ጭቃ ከነካው በኋላ ምን ታደርጉታላችሁ? ሰው ወንበር ስር ጠቅልሎ ሲያስቀምጠው ነው የማየው።

ቡሎን_12

በንጹሕ ውኃ እጠበው፣ ሳሙናም አያስፈልገውም። ጭቃው ሲደርቅ ውስጡ የሚቀረው ደቃቅ አሸዋ ገመዱ በተለጠጠ ቁጥር ክሩን ከውስጥ ይቆርጠዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ አንጠልጥለህ አድርቀው። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ናይለን ፀሐይ አይወድም። እርጥብ ሲሆንም ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ስለዚህ እርጥቡን ጠቅልለህ ለነገ አታስቀምጥ። ስትጠቀልለው በእጅህ ዳስሰው። ጠርዙ ላይ የተቆረጠ፣ የቀለጠ ወይም ከሌላው የደረቀ ቦታ ካገኘህ ለሌላ ጉተታ አትጠቀምበት። ቆራርጠህ ጭነት ማሰሪያ አድርገው፣ ሌላ ሰው ደህና መስሎት እንዳይበደርህ።

የመንዝ_ነፋስ

የሚበደርህማ አይመልስም።